ፊልሙ ያበላሸብኝ መጨረሻ

የምወደው መጽሐፍ ፊልም ሆነ በተባለ ቁጥር የሚያመኝ ሰው ነበርኩ። ሐያት እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቀን ቀን ስለ ሴልና ስለ ቅጠል ሳወራ ብውልም ልቤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለው ዘንዶ በሚበርበትና ተራራ በሚናገርበት አገር ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ካገኘሁ ምሳ እረሳለሁ። መጽሐፉ ፊልም ከሆነ ደግሞ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፤ ማየት እንኳ አይባልም፣ መክሰስ ነው። "ፈረሱ ነጭ አልነበረም!" እላለሁ። "አዛውንቱ እዚህ ጋ አይሞቱም!" እላለሁ። ባለቤቴ ከእኔ ጋር ፊልም ማየት ካቆመ ቆይቷል። "አንቺ ፈተና እያረምሽ ነው እንጂ ፊልም እያየሽ አይደለም" ይለኛል።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው "የጉም ድልድይ" የሚባል አሮጌ መጽሐፍ ነው። አይናለም የምትባል ልጅ፣ የጉም ንጉሥ የወሰደባትን ታላቅ እህቷን ፍለጋ ትነሳለች። ወደ ጉም አገር የሚያሻግረው ድልድይ አንድ ብቻ ነው። ጠባቂው ዘንጋዳ የሚባል ግዙፍ ፍጡር ሲሆን፣ ሲያስነጥስ በሰባት ቀበሌ ያለ ዶሮ ይደነግጣል።

ይህንን መጽሐፍ ያነበቡልኝ አባቴ ናቸው። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የምንኖረው ቡሬ ነው። እናቴ ታላቅ እህቴን ለማሳከም ባሕር ዳር ሄዳ ስለነበር ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። በየቀኑ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሰግደው ሲጨርሱ አንድ ምዕራፍ ያነቡልኛል። የመጨረሻዎቹ ገጾች ዛሬ የሉም። "ካነበብኩልሽ በኋላ አይጥ በላው" ብለውኛል። ምንም አልጎዳኝም፤ መጨረሻውን በቃሌ ይዤዋለሁ።

እንዲህ ነው። ዘንጋዳ አይናለምን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ንጉሡ ፊት ይቀርባል። ጦር አይመዝም። "ዋጋ ጥራ" ይለዋል። ንጉሡ "እህቷ አትሸጥም" ይላል። "የማትሸጠውን ለምን አወጣህ?" ይላል ዘንጋዳ። ሦስት ቀን ይከራከራሉ። ዘንጋዳ እንደ ደህና ገዢ ዕቃውን ያጣጥላል፤ "ቀጭን ናት፣ ታስላለች፣ እንቅልፍ ታበዛለች። ላንተ ብዬ ነው እንጂ ማን ያነሳልሃል?" ይላል። ተናዶ የሄደ መስሎ ጀርባውን ሰጥቶ ሲራመድ ንጉሡ "ና እስቲ ተመለስ!" ብሎ ይጠራዋል። በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ስልችት ይለውና "ውሰዳት፣ ብቻ ከፊቴ ጥፋ!" ይላል። ዘንጋዳ ግን ንቅንቅ አይልም። "ምራቂስ?" ይላል። ንጉሡም ለምራቂ የአንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ይጨምርለታል። ሁለቱ እህቶች በዚያ ፀሐይ ቤታቸው ይገባሉ።

በዓለም ላይ እንዲህ ያለ መጨረሻ የጻፈ ሰው የለም ብዬ አምን ነበር። መጽሐፉ ዳግም ስላልታተመ፣ በትምህርት ቤታችን የንባብ ክበብ ለተማሪዎቼ እኔው በቃሌ ስተርክላቸው ስምንት ዓመት ሆኖኝ ነበር። "ዋጋ ጥራ" የክበባችን ሰላምታ ሆኖ ቀርቷል።

ታዲያ አንድ ቀን "የጉም ድልድይ" ፊልም ሆነ ተባለ። ከአዲስ አበባ የሚያመጣው መንገድ ክፍት በሆነበት ሰሞን ነበር። ሠሪዎቹ ከአዲስ አበባ መጥተው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም፣ እሑድ ቡሬ ያሳያሉ ተብሎ በየምሰሶው ላይ ተለጠፈ። አርባ ተማሪ ይዤ ሄድኩ። ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ብዕርና ደብተር አውጥቻለሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ፊልሙ ግሩም ነበር። ድልድዩ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል ጸጉሬ ቆመ። ዘንጋዳ ሲያስነጥስ ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ "ይማርህ" አሉ። ደብተሬ ላይ አንድ ስህተት ብቻ ነው የጻፍኩት፤ እሱንም መልሼ ሰረዝኩት። ከዚያ የመጨረሻው ክፍል መጣ። ዘንጋዳ በጦር ተወግቶ ሞተ። ንጉሡ "እህትሽ እንድትሄድ በእሱ ቦታ ጠባቂ ይቅርልኝ" አለ። አይናለም ድልድዩ ላይ ቀረች። እህቷ ብቻዋን ተሻገረች። አለቀ።

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ጆሮዬ ጮኸብኝ። አዘጋጁ ኤርሚያስ የሚባል ቀጠን ያለ፣ ትሁት ወጣት ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ "ጥያቄ ያለው?" ሲል እጄ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ።

"እሺ፣ እርስዎ ይጠይቁ" አለኝ።

"ጥያቄ የለኝም። ክስ ነው ያለኝ" አልኩ ማይኩን ተቀብዬ። ሰው ሳቀ። "ክርክሩን የት ጣልከው?"

"የቱን ክርክር?"

"የዋጋውን!"

ከኋላዬ አርባ ድምፅ ባንዴ "ዋጋ ጥራ!" ብሎ ጮኸ። ኤርሚያስ ደንግጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"እህቴ፣ መጽሐፉ ውስጥ የዋጋ ክርክር የለም" አለ።

"እንግዲያው አላነበብከውም።"

"ስድስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።"

"እኔ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልቆጥርም" አልኩ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ግን ጭብጨባው ሞቀኝ። "ማንበብ ያልቻለ ሰው ፊልም ባይሠራ ምን ይጎድልብናል?" አልኩት።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የልጁ ፊት ደም መሰለ። ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፦ "የደራሲው ቤተሰቦች የሰጡኝ ሙሉ ቅጂ አለኝ። ቡሬ ቀድመው በሄዱት ጓደኞቼ እጅ ነው። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ የርስዎን ይዘው ይምጡና ሕዝብ ፊት እንክፈተው። ጥፋቱ የኔ ከሆነ እዚያው ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

"የኔ ከሆነ እኔ እጠይቃለሁ" አልኩ፣ ጥፋቱ የኔ ሊሆን እንደማይችል በሙሉ ልብ አምኜ።

ቤቴ ሳልደርስ ክርክራችን የተቀረጸበት ቪዲዮ በየሰዉ ስልክ ላይ ነበር። ርዕሰ መምህራችን ደወሉ፤ "ሐያት፣ ለእንግዳ እንዲህ ይባላል?" አሉኝ። ባለቤቴ ደግሞ "ጎበዝ፣ አሁን ከተማው በሙሉ ካንቺ ጋር ፊልም ማየት ሊያቆም ነው" አለኝ።

መጽሐፌን ከሣጥን አውጥቼ አገላበጥኩት። የመጨረሻዎቹ ገጾች የነበሩበትን ጠርዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ አየሁት። አይጥ የበላው ወረቀት ጠርዙ ይጎረዳል፣ ይሸራረፋል። ይህ ግን በማስመሪያ ተይዞ የተቀደደ ይመስል ቀጥ ብሏል። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ የአይጥ ጥርስ አውቃለሁ። መጽሐፉን ቶሎ ከደንኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ቡሬ ገባሁ፤ በቀጥታ ወደ አባቴ ሱቅ። አባቴ፣ ጋሽ ሰይድ፣ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። በርበሬው፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ በየጆንያው አፉን ከፍቶ ተደርድሯል፤ ከደጅ ጀምሮ ያስነጥሳል። ገና ሳልገባ "ሰምቻለሁ" አሉኝ። ቪዲዮው ቀድሞኛል።

"አባ፣ ምስክር ይሁኑኝ።"

"ለምኑ?"

"ለመጨረሻው ምዕራፍ። ያነበቡልኝ እርስዎ አይደሉም?"

አዝሙዱን በማንኪያ ያገላብጡት ጀመር። "ልጄ፣ ከእንግዳ ጋር ሙግት ምን ያደርጋል? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው።"

"እኮ! ከሥሩ እንየው ነው የምለው!"

ይህን ተረትና ምሳሌ በመምረጣቸው የተጸጸቱ መሰለኝ። "ዛሬ ዕቃ ይራገፍልኛል፤ አልመችም" አሉ።

"በእሑድ ቀን?"

"እሑድም ይራገፋል።"

"እንግዲያው እዚሁ ወላሂ ይበሉኝ። ክርክሩ መጽሐፉ ውስጥ አለ ይበሉኝና ልሂድ።"

"ለተረት ተብሎ አይማልም።"

"ተረት አይደለም፣ መጽሐፍ ነው!"

"ለመጽሐፍም አይማልም።"

"አይጡስ?" አልኳቸው፣ ዓይናቸውን እያየሁ።

"የቱ አይጥ?"

"መጽሐፉን የበላው ነዋ!"

"እህ… እሱማ፣ አይጥ ነበር። ያኔ ብዙ አይጥ ነበር" አሉና ገና መንገድ ማዶ ላለ ሰው "ምን ልስጥዎት?" ብለው ተጣሩ። ሰውየው ግራ ተጋብቶ ዞር ዞር አለ። አባቴ በሕይወታቸው ገዢ ለምነው አያውቁም።

ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፍኖተ ሰላም ድረስ ተሳፍረው የመጡ ተማሪዎቼ "ዋጋ ጥራ" የሚል ካርቶን ይዘዋል። ፊልሙ ታየ፤ እኔ ግን አንዱንም አላየሁትም። ሲያልቅ ኤርሚያስ ጠረጴዛ አስቀርቦ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘረጋቸው። የእኔ ሽፋን የለውም፤ የእሱ ሽፋኑ ሳይቀር አለ። ገጽ በገጽ አንድ ናቸው። የእኔ ባለቀበት የእሱ ቀጠለ።

"እርስዎ ያንብቡት" አለኝ፣ ያለ ምንም ብቀላ።

"አንተ አንብበው" አልኩት።

አነበበ። ዘንጋዳ ሞተ። አይናለም ድልድዩ ላይ ቀረች። እህቷ ቤቷ ደርሳ፣ ጉም በወረደ ቁጥር ደጅ እየወጣች ስሟን ትጠራለች፤ ከጉሙ ውስጥም "አቤት" የሚል ይሰማታል። ቃል በቃል ፊልሙ ነው። ገበያ የለም፣ ክርክር የለም፣ ምራቂ የለም።

የተማሪዎቼ ካርቶን ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። ማፈር እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ እኔ የተሰማኝ ግን ሐዘን ነው። ለእኔ ዘንጋዳ የሞተው ያን ቀን ነው፣ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ። ይቅርታ ልጠይቅ ተነሳሁ።

"ማይኩን ወዲህ በሉልኝ" የሚል ድምፅ ከበሩ አጠገብ መጣ።

አባቴ ናቸው። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ኮታቸው ላይ የበርበሬ ብናኝ እንዳለ፣ ቆመዋል። ዕቃው አልተራገፈም መሰለኝ።

"ሰይድ ነኝ፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ" አሉ። "መጽሐፉን አይጥ አልበላውም። የቀደድኩት እኔ ነኝ።"

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

"ያኔ ቅመም የምንጠቀልለው በአሮጌ ወረቀት ነበር። ይህም መጽሐፍ የመጣልኝ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ነው። ሐያት ልጅ ናት፣ አነብላት ጀመር። ታላቋ ልጄ ዘምዘም በሳንባ ታማ ባሕር ዳር ተኝታለች። ይቺ በየቀኑ አንድ ነገር ነው የምትጠይቀኝ፤ 'አባ፣ እህቷ ቤቷ ትመለሳለች?' ትለኛለች። የመጽሐፉን እህት ትበል የራሷን፣ አይገባኝም። እኔም መልሱን አላውቅም። አንድ ቀን ሱቅ ቁጭ ብዬ መጨረሻውን ቀድሜ አየሁት። ሁለቱ አብረው አይመለሱም። እንግዲህ ይህን ለዚያች ልጅ እንዴት ብዬ ላንብብላት? ቀደድኩት። ኮረሪማ ጠቀለልኩበት። ሰው ገዝቶት ሄደ።"

ማይኩን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ቤት ስገባ ልጅቷ ትጠብቀኛለች። ያለፈውን ገጽ ገልጬ፣ የማነብ መስዬ ጀመርኩ። እኔ ጦርነት አላውቅም፣ አስማት አላውቅም። የማውቀው ዋጋ መከራከር ነው።"

ከፊት የተቀመጡ አንዲት ባልቴት "ታዲያ ክርክሩን ይንገሩና! የወረቀቱን ነገር ብቻ ነግረው ሊቀመጡ ነው?" አሉ።

አባቴ እኔን አዩኝ። ራሴን ነቀነቅኩላቸው። ጀመሩ። ንጉሡን በወፍራም ድምፅ፣ ዘንጋዳን በራሳቸው ድምፅ እያደረጉ፣ እንደያኔው፣ አንድ ቃል ሳያጓድሉ። ዘንጋዳ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ አባቴም ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ በሩ ተራመዱ፤ አዳራሹ በሙሉ "ና እስቲ ተመለስ!" ብሎ ጮኸ። አንድ ነጋዴ "ይሄማ ራሳቸው ጋሽ ሰይድ ናቸው! እኔንም እንዲሁ ነው የሚያደርጉኝ!" አለ። "ምራቂስ?" ሲሉ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበ።

ቀና ብዬ ኤርሚያስን ሳየው በመዳፉ ዓይኑን እየጠረገ ይስቃል። ማይኩን ተቀበለና "እኔም በልጅነቴ ይህን መጽሐፍ ስጨርስ ሳምንት ሙሉ አኩርፌ ነበር" አለ። "ፊልሙን ስሠራ መጨረሻውን ልቀይረው ብዙ አሰብኩ። ያልቀየርኩት…" ወደ እኔ ዞረ፣ "እንደ እርስዎ ያሉ አንባቢዎችን ፈርቼ ነው።"

ከአዳራሹ ሳቅ ይልቅ የተናገረው ነገር እውነትነት ነው አንገቴን ያስደፋኝ። መድረክ ላይ ወጣሁ። "ማንበብ ያልቻለ ያልኩህ እኔ ራሴ መጽሐፉን አንብቤ ጨርሼው አላውቅም። ሰው ፊት ሰደብኩህ፣ ሰው ፊት ይቅር በለኝ" አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ኮፒ አስደርጎ እንደሚልክልኝም ቃል ገባ፤ ልኮልኛል።

ከአዳራሹ ስንመለስ ሱቁ በር ላይ አባቴን "ለምን እስከዛሬ አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ዘምዘም ድና ስትመጣ ልነግርሽ ነበር። አንቺ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተሽ ጨርሰሽ ነበር። ቆይ ትንሽ ትደግ አልኩ። አደግሽና አስተማሪ ሆንሽ፤ ለተማሪ አስተማርሽው። ውሸቱ ካንቺ ጋር አድጎ ለአቅመ ሔዋን ደረሰ። ምን ላድርገው?"

ለእህቴ ደወልኩላት። ዘምዘም ዱርቤቴ ከተማ የምትኖር ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ናት። ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ስትስቅ ቆየችና "ቆይ፣ ታስላለች ያሉት እኔን ነው?" አለችኝ።

"አንቺን ነው።"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ።

"ሦስት ቀን ሙሉ ተከራከሩልኝ?" አለች በመጨረሻ። ከዚያ አፍንጫዋን ሳብ አድርጋ፣ "እንቅልፍ ታበዛለች ያሉትን ግን ይቅር አልላቸውም።"

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት እናንተም እንደ እኔ ፊልም ቤት ደብተር ይዛችሁ የምትገቡ ትኖሩ ይሆናል። አልፈርድባችሁም። የወደድነው መጽሐፍ ውስጥ የኖርንበት ቤት አለ፤ ሰው ገብቶ ወንበሩን ሲያዛውረው ያማል። እኔ ያን እሑድ ያወቅሁት ግን፣ ያን ቤት የሠራልኝ ደራሲው ብቻውን እንዳልሆነ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስከሳቸው ከኖርኩት ሰዎች ሁሉ በላይ መጽሐፍ የቀየሩት አባቴ ነበሩ፤ የወደድኩትም እሳቸው የቀየሩትን ነው።

ሰኞ ለተማሪዎቼ ሁለቱንም መጨረሻ አነበብኩላቸው። አንዷ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ታዲያ ትክክለኛው የትኛው ነው?" አለችኝ። መልስ ማረም እንጀራዬ ነው፤ ያን ቀን ግን ምልክት የማደርግበት አጣሁ። የደራሲው መጨረሻ፣ ለመናገር ቢያንቀኝም፣ እጅግ ያምራል። ያ "አቤት" የሚለው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስምንት ዓመቴ ላይ ብሰማው ግን ምን እንደሚያደርገኝ አባቴ አውቀዋል። ስለዚህ አሁን ፊልም ሳይ "ለምን ቀየሩት?" ማለቱን ትቼ "ለማን ብለው ቀየሩት?" እላለሁ። ለማንም ብለው ካልሆነ፣ አዎ፣ አሁንም እሳደባለሁ፤ በልቤ።

ባለፈው ሳምንት ሌላ የምወደው መጽሐፍ ፊልም ሊሆን ነው የሚል ዜና ከነፎቶው አየሁ። መጽሐፉ ላይ የልጅቷ ጸጉር ወገቧ ላይ ይደርሳል። ፎቶው ላይ ያለችው ተዋናይ ጸጉሯን ተቆርጣለች። ባለቤቴ ከጎኔ ሆኖ ምን እንደምል ይጠብቃል። ዝም አልኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም አልኩ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይመሰክሩልኛል።